በመሳቢያ የተረፈው መድኃኒት

የእንስሳት ሐኪም ሆነን የተሕዋስያንን ጠባይ ስንመረምር ከሃያ ዓመት በላይ ኖረናል። ወዳጆቻችንም «የውሻና የድመት ቍስል ይህን ያህል ዘመን ያስመረምራልን?» እያሉ ይጠይቁናል። መልሱን ከገዛ ቤታችን ስሕተት እንጀምረው።

የግቢያችን ውሻ ጆሮው መግል ያዘ። እኛም በሥራ ብዛት አሳበን፣ ሳንመረምረው፣ ለቤተ ሰብ ታዝዞ በመሳቢያ የተረፈውን እንክብል በእንጀራ ጠቅልለን ሰጠነው። በሦስተኛው ቀን የዳነ መስሎን ተውነው፤ በወሩ ግን ሕመሙ ብሶ ተመለሰ። ያን ጊዜ ከመግሉ ወስደን በምርመራ ሳሕን ላይ ዘራነው፤ በላዩም ልዩ ልዩ መድኃኒት የተነከሩ ትንንሽ ክብ ወረቀቶች አኖርን። መድኃኒቱ ጀርሙን ሲያሸንፍ በወረቀቱ ዙሪያ ጥርት ያለ ቀለበት ይታያል። በማግሥቱ ስናይ ግን በብዙዎቹ ወረቀቶች ዙሪያ ምንም ቀለበት አልነበረም። ሌላውን ስንመክር የኖርን እኛ በዚያች ሳሕን ፊት አፈርን።

ጀርሙ ስታፊሎኮከስ ሱዲንተርሚዲየስ የሚባለው ነው፤ በጤናማ ውሻ ቆዳና አፍንጫም ላይ ይኖራል። መድኃኒት በተሰጠ ቍጥር ደካሞቹ ይሞታሉ፤ የሚቋቋሙት ግን ተርፈው ይበዛሉ፤ ችሎታቸውንም ለሌሎቹ ሊያስተላልፉ ይችላሉ። ፔኒሲሊንን እ.ኤ.አ. በ1928 ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ፣ በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ተቀብሎ በተናገረ ጊዜ ይህንኑ አደጋ አስጠንቅቆ ነበር። ያን ጀርም የእኛ እንክብል ብቻ ወለደው ለማለት አንደፍርም፤ መንገድ እንደጠረግንለት ግን አንክድም።

በዚያ ሌሊት ከውሻው ጋር ተቃቅፎ የሚጫወተውን ልጃችንን፣ የተላጠ ጉልበቱንም እያሰብን እንቅልፍ አጣን። ጀርም ከእንስሳ ወደ ሰው፣ ከሰውም ወደ እንስሳ ይተላለፋልና። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጁ ደኅና ሆነ፤ ውሻውም ቀለበት ባሳየው በአንዱ መድኃኒትና በጆሮ እጥበት ዳነ።

ውድ አንባቢ ሆይ፣ እግዚአብሔር እንስሳትን ለአዳም ሲያስገዛለት አደራም ሰጥቶታል። ስለዚህ ሐኪም ሳያይ ለእንስሳ መድኃኒት አንስጥ፤ የታዘዘውን መጠንና ቀን እንጠብቅ፤ እንስሳ ነክተን እጃችንን እንታጠብ። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ዛሬ በከንቱ ያባከንነው መድኃኒት ነገ ለልጃችን ሲፈለግ ኃይሉን አጥቶ እንዳናገኘው እንጠንቀቅ።