ከጋይንት እስከ እስቴ፣ ከሶላር ጠጋኝ ጋር

ጥር 2011፣ ረቡዕ። ከደብረ ታቦር መናኸሪያ ቅጥቅጡ እስኪሞላ ድረስ ፀሐይ ወጣችብን። ጋይንት ውስጥ ላለችው ነፋስ መውጫ 45 ብር ከፈልን፤ ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ በደርግ ጊዜ ቻይናዎች የሠሩት የወረታ–ወልድያ መንገድ። አብሬው የምሄደው ሰው ሶላር ጠጋኝ ነው። ቦርሳው ውስጥ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ቴስተር፣ ጥቅል ሽቦና በመድኃኒት ብልቃጥ የተቀመጡ ፊዩዞች አሉ። ጋሳይ ላይ ሴቶች የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ በመስኮት ያቀብላሉ፤ በ5 ብር ገዝቼ እጄን እያሞቅሁበት ጉናን በስተቀኝ አየሁት፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ ጫፉ ራቁቱን ነው፣ ከሥሩ ገብስ የሚወቃበት አውድማ በአውድማ ነው።

ከነፋስ መውጫ ወጣ ብለን በእግር ወደ አንድ ቀበሌ ወረድን። የቤቱ እመቤት ገና ሳንቀመጥ፣ «ልጆቼ፣ ይኸ ሳጥን ሙቷል፤ ሌላ አምጡልኝ» አሉን። ሳጥን ያሉት ኮንትሮለሩን ነው፤ በሶላሩና በባትሪው መካከል እንደ በረኛ የቆመ ነው፣ ባትሪው ሲሞላ መግቢያውን ይዘጋል፣ ሊያልቅ ሲል ደግሞ መውጫውን። ሰውዬው አልፈታውም። መጀመሪያ ባትሪውን ለካ፤ 11.9 ቮልት፣ ባዶ ሊባል የሚችል። ቀጥሎ ሶላሩ ኮንትሮለሩ ላይ የሚገባበትን ለካ፤ ምንም የለም። ቆርቆሮው ላይ ወጥቶ ከሶላሩ ጀርባ ሲለካ 21.6። እንግዲህ ብርሃኑ ከጣሪያው እስከ ግድግዳው ባለው ሽቦ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። ከክዳኑ ጠርዝ ሥር በፌስታል የተጠቀለለ መገጣጠሚያ ተገኘ፤ ሲፈታ መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል። ቆርጦ፣ ፍቆ፣ መልሶ አሰረው፤ የፀሐይዋ ምልክት በራች። «እማማ፣ ሳጥኑ ደኅና ነው» አላቸው። ያመኑት አይመስለኝም።

«12 ቮልት» የተባለ ሶላር እንዴት 21 ያሳያል ብዬ ጠየቅሁት፤ ባትሪውን ለመግፋት ከባትሪው በላይ መሆን አለበት፣ ሥራ ላይ ሲገባ ይወርዳል፣ ብርድ ደግሞ ቮልቱን ከፍ ያደርገዋል አለኝ። ማታ ነፋስ መውጫ ላይ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ሁለት ጋቢ ደርቤ ተኛሁ።

ዓርብ። አርብ ገበያ ከተማ ደረስን፤ ገበያው ቆሟል፤ በግ፣ ቀይ ጤፍ፣ የፕላስቲክ ጫማ፣ ከመካከሉ ሶላር። ሽሮ በላን። የአንድ ሱቅ ባትሪ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ውሎ 12.6 ላይ እየቆመ ባለሱቁን አስመርሮታል። እዚህ የተፈታ ነገር የለም፤ ኮንትሮለሩ ለሊትየም ተስተካክሎ የእርሳስ ባትሪ ነው የታሰረበት፣ እሱ ደግሞ እስከ 14.4 ገደማ ካልወጣ ጠግቦ አያድርም። ጠጋኙ የኮንትሮለሩን ቁልፍ ተጭኖ ይዞ ቆየና ምርጫውን ቀየረው፤ አለቀ።

ቅዳሜ ወደ ስማዳ፣ ወገዳ። አይሱዙ ላይ ነው የሄድነው፤ አቧራው ቅንድብ ላይ ይጋገራል። የደጋው ብርድ እየለቀቀ፣ ማሽላው እየበዛ፣ መሬቱ ወደ ዓባይ እየተቆረጠ ይወርዳል። እዚህ ያገኘነው አባወራ ብልህ ሰው ነው። መብራቱ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ እየጠፋ ሲያስቸግረው የአምፖሉን ሽቦ ከኮንትሮለሩ ነቅሎ በቀጥታ ባትሪው ላይ አሰረው፤ ለጥቂት ሳምንት እስከ እኩለ ሌሊት በራለት። አሁን ግን ሶላሩን ፀሐይ እንደነካው ባትሪው 14 ቮልት ይደርሳል፣ ማታ አንድ አምፖል ሲለኮስ ወደ 10 ይወድቃል። ኮንትሮለሩ 11 ገደማ ላይ የሚያጠፋው ለባትሪው ብሎ ነበር። ባዶውን እየከረመ እርሳሱ ሰልፌት ለብሷል፣ አይመለስም። «አያ፣ ባትሪው ነው የሄደው» ብሎ ጠጋኙ ሲነግረው አባወራው ዝም ብሎ ጠላ ቀዳልን።

ኅዳር 2010 ይፋ የሆነው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም በፈረንጆቹ 2025 ከሕዝቡ 35 በመቶ ከዋናው መስመር ውጭ መብራት ያገኛል ይል ነበር፤ ይህም በአብዛኛው ሶላር ነበር። እኔ ግን ወገዳ ላይ ያየሁት የጎደለው ሶላር ሳይሆን ቴስተር የያዘ ሰው ነው። ከሶላሩ ጋር አንድ ቴስተር፣ በአማርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ቢመጣ ይህ ባትሪ ዛሬም በሠራ።

እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ። በመጣንበት ተመልሰን ከደብረ ታቦር ወደ ደቡብ ነው የገባነው። አንድ ፀጉር ቤት መስመሩ ሲጠፋ ለመቁረጫውና ለቴሌቪዥኑ ሶላር አለው፤ ኢንቨርተሩ ገና ሲበራ ኮንትሮለሩ መብራቱን እያርገበገበ ይዘጋል። ኢንቨርተሩ 500 ዋት ይላል፣ በሙሉ ጉልበቱ ከባትሪው ከ40 አምፔር በላይ ይስባል፤ የታሰረው ግን 10 አምፔር ብቻ በሚችለው ኮንትሮለር የአምፖል መውጫ ላይ ነው። ጓደኛዬ ነቅሎ በወፍራም ሽቦ፣ ፊዩዝ አስገብቶ፣ በቀጥታ ባትሪው ላይ አሰረው።

ወገዳ ላይ ያወገዘውን እዚህ በገዛ እጁ ሲሠራው ግራ ገባኝ። ኢንቨርተሩ ባትሪው ሲደክም ጮኾ ራሱን ያጠፋል፣ አምፖል ግን እስከ መጨረሻው ይመጥጠዋል አለኝ። ይህ ገብቶኛል። ያልገባኝ የፈታበትና የገጠመበት ቅደም ተከተል ነበር፤ ሲፈታ ሶላሩን አስቀድሞ ባትሪውን መጨረሻ፣ ሲገጥም ባትሪውን መጀመሪያ። ኮንትሮለሩ 12 ቮልት ይሁን 24 የሚያውቀው ከባትሪው ነው፣ ባትሪ ሳይኖር ሶላሩ ከገባበት ሊቃጠል ይችላል ብሎ ፀጉር ቆራጩን ሁለት ጊዜ አስደገመው። እሱም ካርቶን ቀዶ ጽፎ ከመስታወቱ አጠገብ ለጠፈና መቁረጫውን አስነሣ፤ ወንበሩ ላይ የተቀመጥሁት የመጀመሪያው ደንበኛ እኔ ነበርሁ፣ 15 ብር።