የቀጥቃጭ ልጅ በትሮሲንገን

አባቴ ቀጥቃጭ ነበር። ጀርመን አገር ይህን ያህል ዘመን ስኖር ለአንድም ያገሬ ሰው ተናግሬው አላውቅም ነበር። ልጅ ሳለሁ እናቴ «የአባትህን ሥራ ሲጠይቁህ ገበሬ ነው በል» ትለኝ ነበር። ውሸትም አልነበረም፤ እናርሳለን። ግን የአገሩን ሁሉ ማረሻና ማጭድ የሚሠራው እሱ ነው። ማረሻውን ተቀብሎ የሚመርቀው ጎረቤት ልጁን ለቤታችን አይድርም፤ ሕፃን ሲታመምበትም ዓይኑ ወደ እኛ ደጅ ይዞራል። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅ በሥራው እንዳይሰደብ አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ እኛ መንደር አልደረሰም።

ትሮሲንገን የሄድኩት ስለ ብረት አስቤ አይደለም። የክራር ፍቅር ነው የወሰደኝ። በደቡብ ምዕራብ ጀርመን ባለችው በዚህች ትንሽ ከተማ፣ በ2001 እና በ2002 እ.ኤ.አ. መካከል በነበረው የብርድ ወራት፣ የአንድ ጥንታዊ ጦረኛ መቃብር ተገኘ። ሰውየው የተቀበረው በ580 ገደማ ነው። አብራው የተቀበረችው የእንጨት መሣሪያ 80 ሳንቲ ሜትር ያህል ትረዝማለች፤ ስድስት መቃኛ አላት፤ ፊቷ ላይ ጦር የያዙ ሰዎች ተቀርጸውባታል። ከኛ ክራር ጋር ትዛመዳለች ብዬ አልከራከርም። ነገር ግን ስድስቱን መቃኛዎች ስቆጥር ጣቶቼ ያውቋታል። ዋናዋ ያለችው ኮንስታንዝ በተባለች ሌላ ከተማ ስለሆነ ትሮሲንገን ላይ የሚታየው አምሳያዋ ነው።

አምሳያዋን አይቼ ስወጣ በአሮጌው የፋብሪካ ሕንፃ ውስጥ ወዳለው የሃርሞኒካ ሙዚየም ገባሁ። የልቤ ነገር የተነካው እዚያ ነው።

ማቲያስ ሆነር ሰዓት ሠሪ ነበር። በ1857 በአፍ የሚነፋውን ሃርሞኒካ መሥራት ሲጀምር በመጀመሪያው ዓመት ያወጣው 650 ነው። ከ30 ዓመት በኋላ የዓመቱ ምርት ከአንድ ሚሊዮን አለፈ፤ በ1903 ደግሞ አኮርዲዮን ተጨመረ። ዋናው የባቡር ሐዲድ ርቆ ያለፋት ከተማ በ1898 የራሷን የኤሌክትሪክ ባቡር ዘረጋች። ይህ ሁሉ የተነሣው ከአንዲት ቀጭን የናስ ምላስ ነው። አየር ሲመታት ትርገበገባለች፣ ድምፅም ትሰጣለች። ድምፁን ማቅጠን ሲፈልጉ ጫፏን በሞረድ ይፍቋታል፤ ማወፈር ሲፈልጉ ሥሯን። አንድ ፍቀት ከበዛ ምላሷ ተበላሸች። አኮርዲዮኑ ደግሞ በወናፍ ይተነፍሳል።

ሞረድና ወናፍ! የአባቴ ዕቃዎች ናቸው። ወናፉን የምነፋለት እኔ ነበርኩ። ከሰሉ ሲግል፣ ሲቀዘቅዝ፣ ትንፋሹን በክንዴ እየለካሁ አድጌያለሁ። ሙዚቀኛው ኃይሉ መርጊያ በ1985 እ.ኤ.አ. በአኮርዲዮን የቀረጸውን ሙዚቃ ለዓመታት ስሰማ ሙዚቃው የጣት ሥራ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ከእያንዳንዱ ድምፅ ጀርባ ብረት የፋቀ ሰው እንዳለ ትሮሲንገን አሳየችኝ።

በከተማዋ የሙዚቃ ዩኒቨርሲቲ አለ። የከተማዋ የኮንሰርት አዳራሽም በማቲያስ ሆነር የልጅ ልጅ ስም ይጠራል። ተማሪዎች መሣሪያቸውን አንግበው በፋብሪካው ሕንፃዎች አጠገብ ሲያልፉ አየሁ። ከመሣሪያ ሠሪው ወንበር እስከ መድረኩ ድረስ በሥራው የሚያፍር ሰው አላየሁም፤ እኔን የቀየረኝም ይህ ነው። ማታ ቤቴ ሽቱትጋርት ስደርስ ለባለቤቴ የአባቴን ሥራ ነገርኳት። ከዚያ ለልጆቼ። አንደኛው ልጄ «ጎራዴም ይሠራ ነበር?» አለኝና ሲጠይቀኝ አመሸ።

ቀጥሎ አዲስ አበባ ስሄድ መርካቶ ክራር ገዛሁ። የሠራውን ሰው ስም ብጠይቅ ሻጩ አያውቀውም። ካሴት ላይ የዘፋኙ፣ የገጣሚው፣ የአቀናባሪው ስም ይጻፍ ነበር፤ የክራር ሠሪው ስም ተጽፎ አይቼ አላውቅም። ይህ ያሳዝነኛል። ሻጩን ለምኜ፣ ሰው በሰው ጠይቄ፣ በስተመጨረሻ ሽማግሌውን ቤታቸው ድረስ ሄጄ አገኘኋቸው።

«ጋሼ፣ ከውስጥ በኩል ስምዎን ይጻፉልኝ» አልኳቸው።

«ስሜ ምን ያደርግልሃል ልጄ?»

የትሮሲንገኑን ታሪክ ነገርኳቸው፤ የአባቴንም ጨመርኩበት። ፈገግ ብለው ሰሙኝና የጠየቁት ስለ ክፍያ ነው። ሆነር ለሠራተኞቹ በደንብ ይከፍል ነበር ወይ? እውነቱን ነገርኳቸው፦ ብዙ ቤተሰብ ሥራውን ቤቱ ወስዶ በተቆረጠለት ሒሳብ ይሠራ ነበር፤ ሕፃናትም ያግዙ ነበር።

«እንዲያ ነው እንጂ» አሉና ስማቸውን ጻፉ። ከዚያ ሌላ ክራር አውጥተው ዋጋውን ነገሩኝ። ሳልከራከር ከፈልኩ።