እሳት ያልደፈረውን

ቁስል ላይ ጠብ ሲል ነጭ አረፋ የሚያስነሳውን ውሃ መሳይ ያውቁታል አይደል? ልጅ ጠርሙሱን ገና ከሩቅ ሲያየው የሚያለቅስበትን? ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነው። ፋርማሲ የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ 3 በመቶ ብቻ ነው፤ የተቀረው ውሃ።

አሁን ደግሞ ሞሊብዲነም የተባለውን ንጥረ ነገር ላስተዋውቅዎት። ስሙ ለምላስ አይመችም፤ የተወሰደው ግሪኮች እርሳስን ከሚጠሩበት ቃል ነው። ማዕድኑ ጥቁርና ለስላሳ ስለሆነ ሰው ሁሉ ከእርሳስና ከግራፋይት ጋር ያምታታው ነበር። ስዊድን ውስጥ ይኖር የነበረው ኬሚስት ሼሌ እ.ኤ.አ. በ1778 «ይሄስ ሌላ ነው» አለ፤ ከ3 ዓመት በኋላ ወዳጁ ዬልም ንጥሩን አወጣው። ግትር ነው ታዲያ! ብረት በ1,538 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀልጥ፣ እሱ 2,623 ካልደረሰ ንቅንቅ አይልም። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ ቢነክሩትም ግድ የለውም።

ያ ጉደኛ ግን በልጅ ማስለቀሻው ይረታል። ላቦራቶሪ ውስጥ ዱቄቱ ላይ 30 በመቶ ፐርኦክሳይድ ጠብ ሲደረግበት መጀመሪያ ዝም ይላል። ከዚያ አረፋ፣ ከዚያ ሙቀት፤ ሙቀቱ ራሱ ነገሩን ያፋጥነዋል፣ ቀስ እያሉ ካልጨመሩት ገንፍሎ ይወጣል። (ቤትዎ እንዳይሞክሩት፤ ክዳን ከተገጠመበትማ የሚወጣው ኦክስጅን ጠርሙሱን ያፈነዳዋል።) በመጨረሻ ግራጫው ዱቄት የለም፤ ያለው ቢጫ ፈሳሽ ነው።

ምስጢሩ እንዲህ ነው። ፐርኦክሳይዱ ከእያንዳንዱ የሞሊብዲነም አቶም 6 ኤሌክትሮን ይነጥቃል። ነገሩ እዚህ ቢያበቃ ኖሮ የሚፈጠረው ኦክሳይድ ውሃ ውስጥ እምብዛም ስለማይሟሟ እንደ ቅርፊት ተለጥፎ ይቀር ነበር። ግን ጥንድ ጥንድ ሆነው የተያያዙ ኦክስጅኖች አቶሙን ከበው አቅፈው ወደ ውሃው ይዘውት ይገባሉ። ቢጫው ቀለምም የዚያ እቅፍ ነው። አልካሊና ተጨማሪ ፐርኦክሳይድ ሲያገኝ ደግሞ ወደ ቀይ ቡናማ ይዞራል።

ለጨዋታ ብቻ አይደለም። ሐኪሞች የልብና የአጥንት ምስል የሚያነሱበትን ቴክኒሺየም ለማግኘት አንዳንድ ማዕከላት ሞሊብዲነም 100 የተባለውን ዓይነት ሳይክሎትሮን በሚባል መሣሪያ በፕሮቶን ይደበድባሉ። ቴክኒሺየሙ በየ6 ሰዓቱ በግማሽ ስለሚቀንስ ፋታ አይሰጥም፤ እሱን ለይቶ ለማውጣት ያንን ግትር ቶሎ ማሟሟት ያስፈልጋል፤ ፐርኦክሳይዱ የሚጠራው ያኔ ነው። ሥራው ሲያልቅ ቢጫውን ፈሳሽ የሚደፋ የለም። ሞሊብዲነም 100 ከተፈጥሮው ሞሊብዲነም 10 በመቶ እንኳ ስለማይሞላ ለይቶ ማጠራቀሙ ውድ ነው፤ መልሰው ያደርቁትና ለሌላ ቀን ድብደባ ያዘጋጁታል።