ውሻ ያተረፈው አውራ ዶሮ

በሬ ሲታመም ሰፈር ይጨነቃል። ሐኪም ይጠራል፣ ጠበል ይረጫል፣ ስለት ይሳላል። ዶሮ ሲታመም የሚሳለው ቢላ ነው። «ሳይሞትብን» ተብሎ በጥድፊያ ይታረዳል፤ ወቅቱ ጾም ከሆነ ደግሞ ገበያ ወጥቶ ለማያውቀው ሰው ይሸጣል። ይህን የሚያደርጉ ሰዎች ክፉዎች አይደሉም። የዶሮው ዋጋና ወደ ሐኪም የሚወስደው የታክሲ ሒሳብ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ማንም የቤት እመቤት በልቧ የምትሠራው ስሌት ነው።

ስለዚህ አውራ ዶሮ ተኝቶ ሲታከም ማየት ብርቅ ነው። እኔ ያየሁት እዚሁ አዲስ አበባ፣ እኛ ግቢ ውስጥ ነው።

ዶሮው የእማማ ነበር። እማማ የግቢያችን አዛውንት ናቸው፤ በስማቸው የሚጠራቸው የለም። ከሾላ ገበያ ለፋሲካ ያስመጡት ገብስማ፣ ጉትዬው ድርብ፣ አረማመዱ የባላባት ነበር። ዶሮ ተራ ሄዳችሁ ልብ ብላችሁ እንደሆነ ገዢ መጀመሪያ የሚያየው ቀለም ነው፦ ቀይ ነው፣ ነጭ ነው፣ ወሰራ ነው፣ ኮክማ ነው፣ ዝግርማ ነው? ቀጥሎ ጉትዬው፣ ነጠላ ይሁን ድርብ። ከዚያ ብድግ አድርጎ ደረቱን ይዳብሳል፣ በእጁ ይመዝናል። ዓይኑን የሚያይ አላጋጠመኝም፤ ጤናው ግን ዓይኑ ላይ ነው የሚነበበው። ዋጋው ካለቀ በኋላ እግሩ ይታሰርና ቁልቁል ይንጠለጠላል። ዶሮ እንደ እኛ ደረቱን ከሆዱ የሚለይ ድያፍራም የለውም። ሲዘቀዘቅ የሆድ ዕቃው ሁሉ በሳንባውና በአየር ከረጢቶቹ ላይ ይጫናል። ከሾላ ጀምሮ እንዲያ ሆኖ የሚመጣ ዶሮ እቤት የሚገባው ግማሽ ታሞ ነው። እኛ ግን ዝም ሲል «ጨዋ ዶሮ ነው» እንላለን።

በሆሳዕና ዋዜማ የጎረቤት ውሻ በአጥር ሾልኮ ገባና ያዘው። ሲያስጥሉት ከትከሻው እስከ ጭራው ሥር ድረስ ቆዳው ተገሽልጦ ነበር። የግቢው ሸንጎ ወዲያው ተቀመጠ። ፍርዱም አንድ ሆነ፦ ይታረድ። አንዱ ተከራይ ፍሪጁን ሳይቀር አቀረበ፤ ታርዶ እስከ ፋሲካ በረዶ ቤት ይቆይ ነው ሐሳቡ። እማማ ግን አልተቀበሉም።

«ውሻ የነከሰውን ለትንሣኤ ልብላ? ምን በወጣኝ! ደግሞስ በሕማማት ደም አላፈስም።»

ነገሩ እንግዲህ እንዲህ ነው፦ ያን ዶሮ ከቢላ ያዳነው የውሻ ጥርስ ነው። ደህና ሆኖ ቢሰነብት ኖሮ ቅዳሜ ማታ አሥራ ሁለት ብልት ሆኖ ድስት ውስጥ ይገባ ነበር። ቆስሎ ለመበላት ስለማይሆን በሽተኛ የመሆን መብት አገኘ።

ግቢያችን ውስጥ የጤና ጣቢያ ነርስ ትኖራለች። መጀመሪያ ለአንድ የእንስሳት ክሊኒክ ደወለች። ስልኩን ያነሣው ሰው «የፈረንጅ ዶሮ ነው የሐበሻ?» ብሎ ጠየቀ። የሐበሻ ነው ስትለው ሳቀና «እህቴ፣ እረዱት በቃ» አላት። ተናደደች። ጓንቷን አጥልቃ መጣች።

የዶሮ ቆዳ ስስ ነው፤ ሥጋው ላይ ላላ ብሎ ስለሚያርፍ አንዴ ከተቀደደ በሰፊው ይቀደዳል። ሲታይ ያስፈራል እንጂ ከሥሩ ያለው ሥጋ ብዙ ላይጎዳ ይችላል። ያን ዕለትም የሆነው ይኸው ነበር። ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ትንሽ ጨው አድርጋ አጠበችው። ደም ያጣበቃቸውን ላባዎች በመቀስ ከሥራቸው ቆረጠች። እማማ በአሮጌ ነጠላ ጠቅልለው ይዘውት ነበርና እሷ እንዳይወራጭ ብላ ደረቱ ላይ ጫን ስትል «ደረቱን ተይው! ትንፋሹ እዚያ ነው» ብለው ጮኹባት። ልክ ነበሩ። ዶሮ የሚተነፍሰው ደረቱን ከፍና ዝቅ እያደረገ ስለሆነ ጥብቅ አድርጎ መያዝ ማፈን ነው። ማንም አላስተማራቸውም፤ ሲያረቡ ኖረው ያወቁት ነው።

ቀጥሎ ነርሷ መዳፏን ከክንፉ ሥር አስገባች።

«እማማ፣ ትኩሳት አለው!»

«ልጄ፣ ዶሮ መች ትኩሳት አጥቶ ያውቃል?»

የጤነኛ ዶሮ ሙቀት ከ41 እስከ 42 ዲግሪ ነው። ሰው እዚያ ላይ ከደረሰ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሮጣል።

ቁስሉን ማር ቀቡት። ማር ለቁስል መድኃኒትነቱ የእማማ ብቻ እውቀት አይደለም፤ ሐኪም ቤትም የሚጠቀሙበት አለ። ዳር ዳሩን ደግሞ ነርሷ ጂቪ አስነካችው፤ ያው ልጅ ሆነን ጉልበታችን ላይ የሚቀቡን ሐምራዊ መድኃኒት። ይህ ሁለት ጥቅም አለው። ጀርም ይገድላል፣ ቀዩንም ይሸፍናል። ዶሮ ቀይ ነገር ካየ ሳይነቁር አያልፍምና ቁስለኛን ከመንጋው መሀል መተው ለሁለተኛ ውሻ እንደ መስጠት ነው። በማካሮኒ ካርቶን ውስጥ፣ ጨለም ያለ፣ ሞቅ ያለ የማድ ቤት ጥግ ተሰጠው። ቀን ቀን ዝንብ እንዳያርፍበት በሻሽ ይሸፈናል። ትል የሚያወጣው ዝንብ ነው፤ ብዙ ቁስለኛ ዶሮ የሚሞተው በንክሻው ሳይሆን በዚህ ነው።

ውኃው ላይ ሌላ ክርክር ተነሣ። ነርሷ መርፌው በተነቀለ ሲሪንጅ ስኳርና ጨው የገባበት ውኃ ይዛ አፉን ከፍታ ልታንቆረቁርለት ስትል እማማ እጇን ያዙ። «በጎን! በጎን! ታንቂዋለሽ።» ዶሮ አፉ ሲከፈት ከምላሱ ሥር የምትታይ ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ የመተንፈሻው በር እሷ ናት። ውኃ ከተፈሰሰ በቀጥታ ወደ ሳንባ ይወርዳል። ምንቃሩ ጠርዝ ላይ ጠብ ሲደረግለት ግን ራሱ ይውጣል። ጠብታዋ ምንቃሩ ጫፍ ላይ ትንጠለጠላለች፣ ዶሮው ትንሽ ያስባል፣ ከዚያ አንገቱን ወደ ሰማይ ቀና አድርጎ ይውጣታል። ዶሮ ውኃ ሲጠጣ እግዜርን ያመሰግናል የሚባለው ይቺን አይቶ ነው።

ምግቡን ቆይቶ ጀመረ፤ ነርሷ ያዘዘችለት የተቀቀለ የእንቁላል አስኳል ነበር፣ ፍርክስክስ ተደርጎ። በሰሙነ ሕማማት፣ ግቢው በሙሉ እስከ ማታ ሲጾም፣ ፍስክ የሚበላ እሱ ብቻ ነበር። እማማ ቅር ቢላቸውም «በሽተኛ ጾም የለበትም» አሉ። ጠዋት ጠዋት ከአንገቱ ሥር ያለውን የምግብ ከረጢት በሁለት ጣት ይዳብሱታል። ማታ ሞልቶ ያደረው ጠዋት ባዶ ከሆነ ሆዱ እየሠራ ነው ማለት ነው፤ ሞልቶ ከጠበቀ አይበጅም።

ጠያቂ መምጣቱ አልቀረም። ፌጦ ያመጣ አለ፤ ነጭ ሽንኩርት በሎሚ ያዘዘ አለ። አንድ ጎረቤታችን በጠርሙስ ቆርኪ አረቄ ይዞ መጣ፤ በገጠር ለዶሮ በሽታ የሚሰጥ መድኃኒት ነው። እማማ ቆርኪዋን አዩና «አንተው ጠጣው፣ ለአንተ ይሻልሃል» አሉት። ጠጣው።

አውራ ዶሮ ለሰው ሕመም ሲሞት የኖረ ፍጥረት መሆኑን እዚያ ማድ ቤት ቁጭ ብዬ አሰብሁ። በእኛ አገር ዛር ያደረበት ሰው ሲታመም ገብስማ ይታዘዝለታል ወይም ቀይ ወይም ነጭ፣ እንደ ዛሩ ፍላጎት። በበሽተኛው ራስ ላይ ተዙሮ የሚጣልም አለ። ግሪኮቹም ከዚህ አልራቁም። ሶቅራጥስ መርዙን ጠጥቶ ሊሞት ሲል የተናገረው የመጨረሻ አደራ ለመድኃኒት አምላክ ለአስክሊጲዮስ አንድ አውራ ዶሮ እንዲሰጥለት ነበር ይላል ፕላቶን። ከአቴና እስከ አዲስ አበባ የሕክምናው ክፍያ እሱ ነው። እሱ ሲታመም የሚታረድለት ማነው?

ከገብስማው ሌላ እንዲህ የተንከባከቡት አውራ ዶሮ አንድ ብቻ አውቃለሁ፣ የአሜሪካ ጉድ። በ1945 እ.ኤ.አ. በኮሎራዶ ግዛት፣ ፍሩታ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ሎይድ ኦልሰን የሚባል ገበሬ አውራ ዶሮ ሊያርድ አንገቱን በመጥረቢያ መታው። ዶሮው ግን አልሞተም። ምቱ ወደ ላይ አድልቶ ስለነበር አንድ ጆሮውና የሚበዛው የታችኛው አንጎሉ ቀርቶለት ነበር፤ መተንፈስና መቆም የሚያዘው ደግሞ ያ ክፍል ነው። ማይክ ተባለ። ባለቤቶቹ በዓይን ጠብታ መስጫ ወተትና ውኃ በጉሮሮው ቀዳዳ እያጠጡ፣ አክታውን በሲሪንጅ እየሳቡ 18 ወር አኖሩት። ለትርዒት እያዞሩም ገንዘብ ሠሩበት። በመጋቢት 1947 እ.ኤ.አ. ፊኒክስ ከተማ ሆቴል ውስጥ አንድ ሌሊት ታነቀ፤ ሲሪንጁ ትርዒቱ ቦታ ተረስቶ ስለነበር ሞተ። ብዙ ሰው የሚደነቀው ያለ ራስ መኖሩ ነው። እኔን የሚደንቀኝ አንድ ገበሬ ሊበላው የመታውን ዶሮ በማግስቱ በጠብታ ማጠጣቱ ነው። ገንዘቡ በኋላ የመጣ ነገር ነው፤ የመጀመሪያዋን ጠብታ ምን አሰጠው?

ወደ እኛው ልመለስ። ገብስማው በታመመበት ሰሞን ንጋቱን የተረከበው የጀርባ ግቢው ጎረምሳ አውራ ዶሮ ነበር። ጃፓን ውስጥ የናጎያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2013 እ.ኤ.አ. አውራ ዶሮ የሚጮኸው ብርሃን አይቶ ሳይሆን በውስጡ ባለው ሰዓት መሆኑን አሳይተዋል። ሁለት ዓመት ቆይተው ደግሞ ጩኸቱ ተራ እንዳለው ደረሱበት፤ አለቃው ይጀምራል፣ ሌሎቹ በማዕረጋቸው ይከተላሉ። አለቃው ዞር ካለ ሁለተኛው ይጀምራል። ጎረምሳው ያን ተራ አግኝቶ ነበር፤ ድምፁ ያልተሞረደ፣ መጨረሻው የሚሰበር።

የፋሲካ ሌሊት እማማና ነርሷ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጾሙን ያስፈታው ያ ጎረምሳ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፣ ዶሮ ጮኸ ተብሎ የሚበላው ዶሮ ነው። እማማ ቅዳሜ ሌላ ቀይ አውራ ገዝተው ነበርና ወጡ ቀረበ። ገብስማው ከወጡ ሁለት እርምጃ ርቆ ካርቶኑ ውስጥ ያንቀላፋል። አንዳንዱ ይህን አስመሳይነት ይለዋል፤ እኔ አልልም። ሰው በእጁ ያጠጣውንና ገና ያላወቀውን አንድ አድርጎ የማየት ግዴታ የለበትም፤ ቢኖርበት ኖሮ ከፋሲካ የሚተርፍ ዶሮ አይኖርም ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። ቁስሉ ከዳር ወደ መሀል ጠገገ። የተነቀሉት ላባዎች ቶሎ ተተኩ፤ በመቀስ የተቆረጡት ግን ጉቷቸው እስኪወድቅ ድረስ ስለሚጠብቁ ጀርባው ለረጅም ጊዜ ዥንጉርጉር ሆኖ ቆየ። አንድ ጠዋት ካርቶኑ ላይ ወጥቶ ጮኸ። ጎረምሳው ወደ ተራው ተመለሰ። ውሻው ታስሯል፤ አጥሩም ተጠግኗል።

አሁን ክረምቱ ሊገባ ነው፤ እማማን የሚያሳስባቸው ውሻ ሳይሆን ፈንግል የሚሉት የዶሮ በሽታ ነው። ቁስል ይታከማል፤ ፈንግል ግን ከያዘ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ ማር፣ ፌጦ፣ ሎሚ፣ አረቄ አንዱም አይመልሰውም። አረንጓዴ ያስቀምጣል፣ አንገት ያጣምማል፣ ግቢን ባዶ ያደርጋል። ከግቢ ወደ ግቢ የሚያደርሰውም ያው «ሳይሞትብን» ተብሎ ገበያ የሚወጣው ዶሮ ነው። ክትባቱ ግን አለ፤ በ1964 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የቢሾፍቱው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይሠራዋል፤ በዓይን ጠብታ ወይም በመጠጥ ውኃ ይሰጣል። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚሆን ነው፤ ከተበጠበጠ በኋላም በሰዓታት ውስጥ ማለቅ አለበት። ስለዚህ ሁለት ሦስት ዶሮ ያላችሁ ጎረቤቶች ተሰባሰቡና በጋራ ግዙ። በክሎሪን የታከመ የቧንቧ ውኃ ክትባቱን ይገድለዋልና በእሱ አትበጥብጡ። ዶሮዎቻችሁን ሳይታመሙ አስከትቡ፤ የታመመውን ለዩት፣ ገበያ አታውጡት። ከሾላም ስትመለሱ እባካችሁ በብብታችሁ ይዛችሁ ኑ።