«ፋኖስ» ያልነው ጓደኛችንና የላፕቶፓችን ባትሪ

ላፕቶፕ የሚገዛ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ «ራሙ ስንት ነው? ሃርድ ዲስኩ ስንት ነው? የመጨረሻ ዋጋው ስንት ነው?» እኛም በአንድ ዶርም የምንኖር አራት ጓደኛሞች ከየኪሳችን አዋጥተን አንድ ያገለገለ ላፕቶፕ በገዛን ጊዜ ከነዚህ ከሦስቱ የበለጠ አልጠየቅንም። ስክሪኑ ምን ዓይነት እንደ ሆነ፥ ባትሪውም ስንት ዋት-ሰዓት እንደሚይዝ መጠየቅ ጨርሶ አልታሰበንም። ሻጩ «ባትሪው አዲስ ነው፤ አምስት ሰዓት ያሠራችኋል» አለን፤ እኛም አመንነው። የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ተማሪዎች ነንና ጥሩ ሆኖ የተነገረ ቃል ቶሎ ያሸንፈናል።

ይህን የምንጽፈው ግን ስለ ዕቃ ለማስተማር ብቻ አይደለም። ያንን አለመጠየቃችን አንድ ወንድማችንን እንድንበድል ስላደረገን ነው።

ከአራታችን አንዱን «ፋኖስ» ብለን ስም አውጥተንለት ነበር። ላፕቶፑ በተራው እጁ በገባ ቁጥር የስክሪኑን ብርሃን እስከ መጨረሻው ከፍ ያደርገዋል። መብራት ጠፍቶ ዶርሙ ሲጨልም ከሁላችን ፊት የርሱ ፊት ብቻ እንደ ሥዕል ይታያል። በጨዋታ «ፋኖስ ሆይ፥ ጋዙን አትጨርስብን» እንለዋለን፤ እርሱም ይሥቃል፤ ብርሃኑን ግን አይቀንስም። ከመካከላችን አንዱ «የገጹን መደብ ጥቁር አድርገው፥ ባትሪ ይቆጥባል» ብሎ መክሮት ነበር። አንድ ቀን ሞከረው፤ በማግስቱ ወደ ነጩ መለሰው። እኛም ግትር ነው ብለን ተውነው።

ነገሩ የመጣው በአንድ ማታ ነው። ከመካከላችን አንዱ የሲኒየር ኤሴዩን በማግስቱ ጥዋት በ3 ሰዓት ማስረከብ ነበረበት። የቀረው መደምደሚያውና የግርጌ ማስታወሻው ብቻ ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ባትሪው 100 በመቶ ነበር። ፋኖስም የሚያስረክበው ሥራ ስለ ነበረው የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት ወሰደና፥ እንደ ልማዱ ብርሃኑን ከፍ አድርጎ ሠራ። ሲመልሰው 53 በመቶ ቀርቶ ነበር። ባለ ኤሴዩ ብርሃኑን ዝቅ አድርጎ መጻፍ ጀመረ። ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ፥ ቍጥሩ 38 በመቶ ላይ ሳለ፥ ላፕቶፑ ምንም ሳያስጠነቅቅ ድርግም አለ። ዳግመኛም አልነሣ አለ።

መብራት የመጣው በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ነው። ጽሑፉ አልጠፋም፤ ሰዓቱ ግን ጠፍቷል። ኤሴዩ ዘግይቶ ገባ፤ ማርክም ተቀነሰበት።

በዚያች ሌሊት ለፋኖስ ያልነው ቃል አሁን ሲታወሰን ያሳፍረናል። «ብርሃኑን ትንሽ ብትቀንስ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልደረሰ፤ አንተ ከራስህ በቀር የምታስበው የለህም» አልነው። እርሱም «ይቅርታ አድርጉልኝ» ብሎ ብርድ ልብሱን ተከናነበ። ከዚያ ወዲያ ሁለት ሳምንት ሙሉ ላፕቶፑን በእጁ አልነካም። ተራው ሲደርስ «እናንተ ተጠቀሙበት» ይላል። እኛም ይህንን ትክክለኛ ፍርድ አድርገን ቈጠርነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ የምሕንድስና ተማሪ የሆነ ጎረቤታችን ለሌላ ጉዳይ ወደ ዶርማችን መጣ። የባትሪውን ነገር ብንነግረው «ሪፖርቱን አይታችሁታል?» አለን። ምን ሪፖርት? ዊንዶውስ ለካ ስለ ባትሪው የሕይወት ታሪክ የሚጽፍ ትእዛዝ ኖሮታል። ከፍቶ ሁለት ቍጥሮች አሳየን፤ ባትሪው ሲሠራ እንዲይዝ የታሰበው 45,600 ሚሊዋት-ሰዓት፤ ዛሬ ሲሞላ የሚይዘው 19,200 ሚሊዋት-ሰዓት።

ነገሩ ለእንደ እኛ ላለ የኪነ ጥበብ ተማሪ እንዲገባ እንዲህ አድርጎ አስረዳን። ባትሪ እንስራ ነው። ዋት-ሰዓት የእንስራው ልክ ነው፤ ዋት ደግሞ ከእንስራው የሚቀዳበት ፍጥነት ነው። 45.6 ዋት-ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በ9 ዋት ቢቀዳ አምስት ሰዓት ያህል ይቆያል፤ ሻጩ የነገረን ይህንን ነው። እንስራው ግን ከውጭ ሲያዩት ያው ይሁን እንጂ ውስጡን ደለል ሞልቶታል። 19.2 ብቻ የሚይዝ ከሆነ በዚያው በ9 ዋት የሚቆየው ሁለት ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ነው። አንድ የእጅ ስልክ 5,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት በ3.85 ቮልት ቢይዝ 19 ዋት-ሰዓት ያህል ነው። እንግዲህ የኛ ላፕቶፕ የሚሠራው በአንድ የስልክ ባትሪ ልክ ነበር ማለት ነው።

በዚህ ላይ አንድ ነገር እንጨምር። ሻጮች ብዙ ጊዜ የሚጠሩት ሚሊአምፒር-ሰዓቱን ብቻ ነው። ያ ብቻውን አይበቃም፤ በቮልቱ መባዛት አለበት። የኛ ባትሪ ላይ የተጻፈው 4,000 ሚሊአምፒር-ሰዓትና 11.4 ቮልት ነው፤ 45.6 ዋት-ሰዓት የመጣው ከዚያ ነው። ቮልቱን የማይነግር ሻጭ የእህሉን ስፍር ነግሮ ቁናውን እንደሚደብቅ ነጋዴ ነው።

38 በመቶ እያለ ስለ ምን ጠፋ? ሊቲየም-አዮን ባትሪ ሲያረጅ የሚይዘው መጠን ብቻ አይደለም የሚቀንሰው፤ ውስጣዊ ተቃውሞው ይጨምራል። ስለዚህ ላፕቶፑ ድንገት ብዙ ኀይል ሲጠይቀው ቮልቱ ይወድቃል፤ ማሽኑም ራሱን ያጠፋል። በስክሪኑ ላይ የሚታየው በመቶኛ ግምት ነው እንጂ ምስክር አይደለም።

እንግዲህ ስለ ፋኖስ የፈረድነውን ፍርድ በወረቀት ላይ መልሰን አየነው። ጎረቤታችን የኀይሉን ፍጆታ በሚያሳይ ነጻ ፕሮግራም ለካልን፤ ብርሃኑ ሙሉ ሲሆን 9 ዋት፥ ዝቅ ሲል 6 ዋት። ስለዚህ ፋኖስ በዚያች አንድ ሰዓት ብርሃኑን ቀንሶ ቢሆን ኖሮ የሚያተርፈው 3 ዋት-ሰዓት ነበር፤ ይህም ለባለ ኤሴዩ ግማሽ ሰዓት ነው። ባትሪው ሻጩ እንዳለው አዲስ ቢሆን ግን፥ ከፋኖስ ሙሉ ብርሃን በኋላ እንኳ ስድስት ሰዓት ይተርፍ ነበር። የፋኖስ ጥፋት ግማሽ ሰዓት፤ የኛ አለመጠየቅ አንድ ሌሊት። እኛ ግን ሌሊቱን በሙሉ በርሱ ላይ ጫንነው።

ስለ ጥቁሩ መደብ የተሰጠውም ምክር ስሕተት ነበር። የኛ ስክሪን ኤል ሲ ዲ ነው። ኤል ሲ ዲ ራሱ አያበራም፤ ከበስተኋላው የኤል ኢ ዲ መብራት አለ፤ ከፊት ያለው ክፍል ያንን ብርሃን እንደ መጋረጃ ይከፍታል፥ ይዘጋል። ገጹ ቢጠቁርም ከኋላ ያለው መብራት አይቀንስም። ጥቁር መደብ በውነት ባትሪ የሚቆጥበው ኦሌድ በሚባለው ስክሪን ነው፤ በዚያ እያንዳንዷ ነጥብ ራሷ ታበራለች፥ ስትጠቁርም ትጠፋለች። ስለዚህ ያ ምክር ለፋኖስ ምንም አልጠቀመውም፤ ከዚህ በታች እንደምንናገረው ጎዳው እንጂ።

ወደ ሻጩም ሄደን ነበር። «ጋሼ፥ ባትሪው አዲስ ነው ብለውን አልነበረም?» አልነው። ፈገግ አለና «ልጆች፥ አዲስ ነው ማለት እኮ ለናንተ አዲስ ነው ማለት ነው» አለን። በቋንቋ ጥናት ክፍል ውስጥ ከሰማናቸው የትርጕም ትንታኔዎች ሁሉ ይህ ብዙ ገንዘብ አስከፍሎናል።

ማታውን ፋኖስን ቍጭ ብለን ይቅርታ ጠየቅነው። ከዚያም አንዱ «ግን ወንድሜ፥ ስለ ምንድን ነው ሁልጊዜ ብርሃኑን የምትጨምረው?» አለው። ዝም አለ። ብዙ ቆይቶ «ስቀንሰው ፊደሎቹ ይደበላለቁብኛል፤ ጥቁር ሲሆንማ ጭራሽ አይታየኝም» አለን። ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ እንዲህ ነው። ክፍል ውስጥ ዘወትር ከፊት ወንበር የሚቀመጠው ትጉህ ስለ ሆነ ብቻ ይመስለን ነበር። ሁለት ዓመት አብረነው ኖረን፥ በአንድ መሶብ በልተን፥ ዐይኑ እንደ ደከመ አላወቅንም። «ለምን አልነገርኸንም?» ብንለው «ነግሬ መነጽር ግዙልኝ ልበል?» አለ። መልስ አልነበረንም።

የባትሪው ነገር የሚያስደንቅ ታሪክ አለው። ሊቲየም-አዮን ባትሪ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1991 በሶኒ ኩባንያ ነው። መሠረቱን የጣሉት ስታንሊ ዊቲንግሃም፥ ጆን ጉዲናፍና አኪራ ዮሺኖ እ.ኤ.አ. በ2019 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ሲቀበሉ፥ ጉዲናፍ የ97 ዓመት ሽማግሌ ነበሩ። እኛ አገር ደግሞ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም አለው፤ 65 ዋት ለሚስብ ቻርጀር ቢካፈል ከ79 ሚሊዮን ላፕቶፕ በላይ ይሆናል። ነገር ግን ከግድቡ እስከ ዶርማችን ሶኬት ድረስ ብዙ ሽቦና ብዙ ትራንስፎርመር አለ። በዚያ መካከል አንድ ነገር ሲበላሽ ሌሊቱን የሚያሻግረን ይህ ትንሽ እንስራ ነው። ስለዚህ ልናውቀው ይገባናል።

እንግዲህ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፥ ከኛ ስሕተት የምትተርፉበትን ጥቂት ነገር እንንገራችሁ። ያገለገለ ላፕቶፕ ስትገዙ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት የባትሪውን ሪፖርት አስከፍቱ፤ ሁለቱን ቍጥሮች አስተያዩ። ቻርጀሩ ላይ የተጻፈውን ዋት አንብቡ፤ የስልክ ቻርጀር በዩ ኤስ ቢ-ሲ ገመድ ቢገባም ለላፕቶፑ ላይበቃው ይችላል። ስክሪኑ በሰከንድ 120 ጊዜ የሚታደስ ከሆነ ለጽሕፈት 60 ይበቃል፤ ባትሪም ይተርፋል። ለጥቂት ደቂቃ ስትነሡ ስሊፕ አድርጉት፤ መብራት ጠፍቶ ለብዙ ሰዓት የምትለዩት ከሆነ ግን ሃይበርኔት ይሻላል። ስሊፕ የራሙን ሥራ ለመጠበቅ ባትሪውን ጥቂት በጥቂት ይበላል፤ ሃይበርኔት ግን ሁሉን በዲስክ ላይ ጽፎ ይዘጋል። ባትሪውን ዘወትር እስከ ዜሮ ማውረድ ይጠቅመዋል የሚባለው የጥንቱ የኒኬል-ካድሚየም ባትሪ ወሬ ነው፤ ሊቲየምን ይጎዳዋል። ሁልጊዜ 100 በመቶ ሆኖ በሙቀት መቀመጡም ያስረጀዋል፤ ላፕቶፑ 80 በመቶ ላይ እንዲያቆም የሚያደርግ ምርጫ ካለው ተጠቀሙበት፤ በአልጋና በብርድ ልብስ ላይም አታሠሩት። ዐይኑ የደከመ ሰው ደግሞ ብርሃን ከመጨመር በፊት ፊደሉን ያተልቅ፤ ትልቅ ፊደል አንድም ዋት አይበላም። ይህን ለፋኖስ በመጀመሪያው ቀን ብንነግረው ኖሮ!

አሁን በዶርማችን እንደ ገና መዋጮ ተጀምሯል። መጀመሪያ የታሰበው ለባትሪ ነበር። ገንዘቡ ሲቈጠር ግን ለአንዱ እንጂ ለሁለቱ እንደማይበቃ ታየ፤ ወይ አዲስ ባትሪ፥ ወይ የዐይን ምርመራና መነጽር። ፋኖስ «ባትሪው የሁላችን ነው፤ ዐይኑ የኔ ብቻ ነው» ብሎ ተከራከረን። ከሁሉ ቀድሞ «አይሆንም» ያለው ማርክ የተቀነሰበት ባለ ኤሴዩ ነው። ሦስት ለአንድ በሆነ ድምፅ ፋኖስ ተሸነፈ።

ስለዚህ ላፕቶፓችን እስከ ዛሬ ድረስ የሚሠራው በአሮጌው ባትሪ ነው። መብራት ሲጠፋ ሥራችንን አስቀምጠን፥ ቍጥሩ 50 በመቶ ሳይደርስ ሃይበርኔት እናደርገዋለን። ፋኖስም መነጽሩን አድርጎ፥ ፊደሉን አተልቆ፥ ብርሃኑን በግማሽ አድርጎ ይጽፋል። ስሙን ልንለውጥለት አስበን ነበር፤ «ተዉት፥ ለምጄዋለሁ» ብሎናል።