ቀለም ቆጥሮ ቀለም መቀባት

በአማርኛችን «ቀለም» የምትባል ቃል ሁለት ፊት አላት። «ቀለም ቆጠረ» ሲሉን ወንበር፣ ደመወዝና ማኅተም ይታየናል። «ቀለም ቀቢ» ሲሉን ግን ልብሱ የጨቀየ፣ ኪሱ የሳሳ ሰው ነው ዓይናችን ላይ የሚመጣው። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው በገዛ ፈቃዱ የሚሻገር ሰው ሲገኝ ደግሞ ሰፈር ሙሉ «ኧረ ምን ነካው?» ይላል። ጋምቤላ ውስጥ ኒውላንድ የምንመላለስ እኛ ተማሪዎችም ሰሞኑን ስንከራከር የከረምነው በዚሁ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከእኛ ቀድሞ የተመረቀ አንድ ወዳጃችን የሒሳብ ሥራውን ለቀቀና ሠዓሊ ሆነ። የሱቅና የሻይ ቤት ሰሌዳ እየጻፈ ቀለቡን ይችላል፤ በቀረው ጊዜ የሰው ፊት ይሥላል። አጎቱ ይህን ሲሰሙ፣ «ላሞቹን የሸጥነው ለቢሮ ነው እንጂ ለቡሩሽ አይደለም» አሉ። ቃላቸው ከበደን፤ እውነት አለበትና። በእኛ አገር ደመወዝ የአንድ ሰው ብቻ ሆኖ አያውቅም። የታናሽ እህት ደብተር ነው፣ የእናት መድኃኒት ነው፣ ከገጠር የመጣ ዘመድ እራት ነው። «ነፍሴ የወደደችውን ልሥራ» የሚል ሰው የሌሎችም ጉሮሮ በእሱ እጅ እንዳለ ማወቅ አለበት።

ከመካከላችን ገሚሱ ወዲያው አፈወርቅ ተክሌን ጠራ። አፈወርቅ እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ የተላከው የማዕድን ምህንድስና እንዲማር ነበር። እሱ ግን ወደ ሥዕል ዞረና ለንደን ውስጥ ስሌድ ከሚባለው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገባ። መሐንዲስ ሆኖ ቢመለስ ኖሮ የአፍሪካ አዳራሽን 150 ካሬ ሜትር ባለ ቀለም መስተዋት ማን ይሠራው ነበር? ሌላው ደግሞ ገብረ ክርስቶስ ደስታን አነሣ። የሐረሩ ልጅ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጀመረውን የግብርና ትምህርት ትቶ ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1957 ጀርመን ሄዶ በኮሎኝ ከተማ ሥዕል ተማረ። ሲመለስ ሥራው ባዕድ ነው፣ ኢትዮጵያዊ አይመስልም ተብሎ ተነቀፈ። ቢሆንም በመንገዱ ጸና፤ እ.ኤ.አ. በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የሥነ ጥበብ ሽልማት ተቀበለ። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስሙ የተሰየመ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም አለ። እሱ ራሱ ግን እ.ኤ.አ. በ1981 ያረፈው ከአገሩ ርቆ አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ውስጥ ነው።

ግን እንተማመን። ሁለቱም ባሕር ማዶ የተሻገሩት የትምህርት ዕድል ተሰጥቷቸው ነው። ለወዳጃችን የተሰጠው ዕድል ላሞቹ ነበሩ፤ እነሱም አልቀዋል። ስለዚህ የታላላቆችን ስም መደርደር ብቻውን አጎትየውን አይረታቸውም።

ሁለተኛው ክርክር ደግሞ መጣ። «እኔ፣ እኔ ማለት የፈረንጅ በሽታ ነው፤ እኛ የምንኖረው በወገን ነው» አለ አንዱ። ይህን ሲሰማ ከመካከላችን የኑዌሩ ልጅ ሳቀ። በኑዌር ባህል ወጣቱ ለአቅመ አዳም ሲደርስ ግንባሩ ላይ ስድስት መስመር ይቀረጽለት ነበር፤ ልማዱ አሁን እየቀረ ነው። መስመሩ ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው። ያን ጊዜ ግን አባቱ በሬ ይሰጠዋል። ልጁም ከበሬው ቀለምና ከቀንዱ ቅርጽ የራሱን መጠሪያ ያወጣል፣ ለበሬውም የራሱን ዘፈን ይገጥማል። እንግሊዛዊው የባህል አጥኚ ኢቫንስ ፕሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ1940 ባሳተመው መጽሐፍ ኑዌሮች የከብትን ቀለም የሚለዩባቸውን ቃላት ለማስረዳት ገጾች ፈጅቶበታል። ልጆቹ ደሞ ገና በሕፃንነታቸው ከጭቃ በሬ ይሠራሉ። እንግዲህ ቀለምና ቅርጽ ለዚህ ሕዝብ እንግዳ ነገር ነው? ራስን መሆንስ? እናስተውል፤ በሬውን የሚሰጠው አባት ነው፣ ዘፈኑን የሚያወጣው ግን ልጅ ነው። ወገን ራሱ ነው «አንተ አንተን ሁን» ያለው።

የጋምቤላ ነገር ደግሞ ከዚህም ያልፋል። በዚህች ከተማ ሰው በስሙ ሳይሆን በጎሳው ተለይቶ የተገደለባቸው ቀኖች አሉ። በታኅሣሥ 1996 ዓ.ም. አኙዋኮች ተጨፈጨፉ፤ በጥር 2008 ዓ.ም. ደግሞ አኙዋክና ኑዌር ተጋጭተው ከሁለቱም ወገን ሰው አለቀ። እንዲህ ባለ ቀን ፊት የሚያይ የለም፤ የሚታየው ወገን ብቻ ነው። ወዳጃችን የሚሥለው እንግዲህ ይህንኑ ያልታየውን ፊት ነው። የዓሣ ሻጯ ግራ ቅንድብ ከቀኙ ከፍ ማለቱን፣ የባጃጁን ልጅ ስባሪ ጥርስ፣ ከደጋ ወርዶ ሱቅ የከፈተውን ሰውዬ ድካም። ከሥዕሉ ሥር ስም እንጂ ጎሳ አይጽፍም። ዓሣ ሻጯ ሥዕሏን አይታ «ይቺማ እኔ ነኝ!» ስትል ጆሯችን ሰምቷል።

ታዲያ ፍርዱ ምንድን ነው? ሁላችሁም ነገ ሥራ ለቃችሁ ቡሩሽ አንሡ አንልም። ነርስም መምህርም ያስፈልገናል። አጎትየውም የላሞቹን ዋጋ ይጠይቁ፣ መብታቸው ነው፤ ወዳጃችንም ከሰሌዳው ገቢ በየወሩ ይልክላቸዋል፣ ትንሽ ቢሆንም። ግን ላሞቹ የተሸጡት ልጁ ሰው እንዲሆን ከነበረ፣ ሰውን አንድ በአንድ የሚያይ ሰው ሆኗል፤ ለዚህች ከተማ ይህ ትንሽ ትርፍ አይደለም።

እኛስ? እኛም የድርሻችንን እንወጣ። ሥዕሉን ስናይ «ጎበዝ!» ብለን ከማለፍ ዋጋውን እንጠይቅ፤ ካጠረንም ተዋጥተን እንግዛ። ጭብጨባ ቀለም አይገዛም።