ከላሊበላ በላይ

ወደ ላሊበላ የሚመጣ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ የላስታን ተራሮች የሚያያቸው በአውሮፕላን መስኮት ነው። አውሮፕላኑ ሸንተረሩን ተሻግሮ ሜዳው ላይ ያርፋል፤ ሜዳው ከባሕር ጠለል በላይ 1,950 ሜትር አካባቢ ነው። ከዚያ መኪናው ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር እየተጠማዘዘ ወደ ከተማዋ፣ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ይወጣል። እንግዳው ሁለት ቀን ጫማውን እያወለቀና እያጠለቀ አሥራ አንዱን አብያተ ክርስቲያናት ይዞራል፤ በሦስተኛው ቀን ሻንጣውን ይዞ ይመለሳል። ላሊበላን አየሁ ይላል፤ ውሸት የለበትም። ግን በእነዚያ ሁለት ቀናት አንገቱ ያጎነበሰው ወደ ታች ነው። ቤተ ጊዮርጊስን ለማየት ወደ 12 ሜትር በሚጠጋ ጉድጓድ አፋፍ ቆሞ ቁልቁል ያያል። ቀና ብሎ ከከተማዋ ጀርባ የተገተረውን የተራራ ግድግዳ የሚያስተውል ጥቂት ነው፤ ወደዚያ ለመውጣት ሦስተኛ ቀን የሚጨምርማ ከዚያም ያንሳል።

ስለ አብያተ ክርስቲያናቱ ብዙ ተጽፏል። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ አይቷቸው የጻፈውን አንባቢ አያምነኝም ብሎ ሰግቶ ነበር። ዩኔስኮ በ1970 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የመጀመሪያዎቹን አሥራ ሁለት ቅርሶች ሲመዘግብ ላሊበላ ከሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጋር አብራ ገብታለች። ይህ ይበቃል። እኔ ማውራት የፈለግሁት ከዚያ በላይ ስላለው አገር ነው።

የላይኛው አገር ራሱ ወደ ከተማዋ የሚወርድበት ቀን አለ፤ ቅዳሜ። ገበያውን ቆሞ ለተመለከተ የላስታ ከፍታ በሙሉ እንደ እርከን ተዘርግቶ ይታየዋል። ከውርጩ አገር የወረዱት ገብስና ባቄላ፣ በግና ባና ይዘዋል፤ ትከሻቸው ላይ የደረቡት ጋቢ ለከተማዋ ፀሐይ ይበዛል። ከቆላው የወጡት ማሽላና ጤፍ ይዘዋል፤ ልብሳቸው ሳሳ ያለ ነው። ማር ከየአቅጣጫው ይመጣል። ከሰዓት በኋላ ደገኛው ጨውና ጋዝ፣ ሳሙናና የልጅ ደብተር ሸክፎ ወደ መጣበት ይመለሳል። የሚመለስበት መንገድ ከሩቅ ሲታይ ገደሉ ላይ በጥፍር የተጫረ መስመር ይመስላል።

ያን መስመር ተከትዬ ወጣሁ፤ ጊዜው ከሰሜኑ ጦርነት በፊት የነበረ በጋ ነው። የመጀመሪያው ማረፊያ አሸተን ማርያም ናት፤ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ከከተማዋ ሁለት ሰዓት ያህል የሚያስኬድ። በቅሎ ተከራየሁ። የበቅሎዋ ባለቤት ጎረምሳ ነው፤ በላስቲክ ጫማ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ከፊት ከፊት ይሄዳል። መጀመሪያ መንገዱ በጎጆዎችና በባሕር ዛፍ መካከል ያልፋል፤ ውሾች ይጮሃሉ፣ ልጆች ይከተላሉ። ከዚያ ዛፉ ያልቃል፣ ግራው ግድግዳ፣ ቀኙ አየር ይሆናል።

በቅሎ አንድ ጠባይ አላት፤ የመንገዱን ውስጠኛ ክፍል ትታ በዳሩ መሄድ ትወዳለች። ጭነት ስትሸከም ዕቃው ከግድግዳው ጋር እንዳይጋጭባት የለመደችው ነው ይላሉ። ሰው ስትጭንም ያንኑ ታደርጋለች። ቀኝ እግሬ እርካቡ ውስጥ ሆኖ ባዶ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ከእግሬ ሥር ደግሞ ጥንብ አንሳ ክንፉን ዘርግቶ ይንሳፈፋል። አሞራን ከጀርባው ማየት ያልለመደው ሰው ምን እንደሚሰማው መናገር ይከብዳል። ልጓሙን ወደ ግራ ሳብሁ። ጎረምሳው ዘወር ሳይል ሰማኝ።

«ጋሼ፣ ልጓሙን ይልቀቁላት። እርስዎ ሲስቧት ነው የምትስተው።»

ለቀቅሁላት። ከዚያ በኋላ ዓይኔን ከጆሮዎቿ መካከል አላነሣሁም። ከአናቱ ጥቂት ሲቀር መንገዱ ድንጋዩ ውስጥ ይገባል፤ በሁለት አለቶች መካከል ያለ ጠባብ ስንጥቅ ነው፣ በቅሎ ሰው ጭና አታልፍበትም። ወርጄ እጄን ግራና ቀኝ እየደገፍሁ ወጣሁ። ድንጋዩ በስንት ዘመን መዳፍ ለዝቧል።

አሸተን ማርያም ከገደሉ ጋር ተጣብቃ የተፈለፈለች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ታች ያሉትን አይቶ ለመጣ ሥራዋ ሸካራ ነው፣ ጣሪያዋ ዝቅ ያለ ነው። መስቀሉንና ብራናውን ያሳዩኝ አባ ግን ስለ ሕንጻው ብዙም አልነገሩኝም። ወደ አፋፉ ወስደው ከተማዋን አሳዩኝ። ቆርቆሮዎቹ ያብለጨልጫሉ፤ ለዝናብ መከላከያ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተሠሩት ግዙፎቹ ነጫጭ ጣሪያዎች በግልጽ ይለያሉ፤ አብያተ ክርስቲያናቱ ግን አይታዩም። ከላይ ሆኖ ላያቸው መሬት ውስጥ ጠፍተዋል። ያ ሁሉ ሥራ ከላይ ለሚመጣ ዓይን ተሰውሮ እንደተሠራ የገባኝ እዚያ ቆሜ ነው፤ ስለ ጠላት መሸሸጊያ የሚነገረውን ለታሪክ ሰዎች ልተወው።

እዚህ ላይ ከመንገዴ ልውጣ። ባሕር ማዶ በኖርሁበት ዘመን ወዳጆቼ ኖርዌይ፣ ጋይራንገር ወደሚባል የባሕር ወሽመጥ ወስደውኝ ነበር። ባሕሩ በሁለት ግድግዳዎች መካከል 15 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ የብሱ ገብቷል፤ የበረዶ ዘመን ያረሰውን ሸለቆ ውኃ ሞልቶታል። ወፍራም የሚንሳፈፍ ቱታ አልብሰው ፈጣን የላስቲክ ጀልባ ላይ አስቀመጡን። ሞተሩ ሲነሣ አፍንጫው ሽቅብ ቀና አለ፤ ማዕበሉን በመታ ቁጥር ወገቤ ድረስ ይነዝረኛል፣ ጨዋማው ውኃ ፊቴን ይገርፈኛል፤ ከጎኔ የተቀመጡት ሰዎች በደስታ ይጮሃሉ። ሰባቱ እኅትማማቾች ከሚሉት ፏፏቴ ሥር ሲደርስ ነጂው ሞተሩን አጠፋና ወደ ላይ ጠቆመን። በማዶው ገደል ወገብ ላይ፣ ከባሕሩ 250 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ አንድ የገበሬ ቤት ተሰቅሏል። ስካገፍሎ ይባላል። ግብር ሰብሳቢ ሲመጣ ገበሬው የመሰላሉን መንገድ ያነሣበት ነበር ብሎ አሳቀን። ቤቱ በፈረንጆቹ ከ1916 ጀምሮ ባዶ ነው፤ ገበሬዎቹ ወርደው ቀርተዋል። ቱሪስቱ ከታች ፎቶ ያነሣዋል።

ያ ቤት ትዝ ያለኝ ከአሸተን በላይ ነው። ምክንያቱም ላስታ ውስጥ እንደዚያ ያለ ቤት ባዶ አይደለም። ከአሸተን አልፈው ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ የሚወስደውን መንገድ ሲይዙ፣ አለቀ ያሉት ገደል ይከፈትና ሰፊ ሜዳ ይወጣል፤ ሜዳው ላይ ገብስ አለ፣ ገብሱ መካከል ክብ የድንጋይ ቤት አለ፣ ከሣር ክዳኑ ጭስ ይወጣል። ከ3,500 ሜትር በላይ ሰው በበሬ ያርሳል። ድንጋዩ እየተለቀመ ካብ ይሆናል፤ ካቡ አፈሩን ይይዛል፤ አፈሩ ቢሄድ የሚያርፈው ተከዜ ውስጥ ነው። በጀልባ ለመጣ ሰው ጀብዱ የሆነው ግድግዳ እዚህ የእርሻ ድንበር ነው።

ሜዳው ላይ ከገበያ የምትመለስ ባልቴት ደረሰችብን፤ ደረሰችብን ስል ከኋላ መጥታ እያለፈችን ነበር። ጀርባዋ ላይ ስልቻ አለ።

«እማማ፣ አይከብድዎትም?» አልኋት።

«ምኑ ልጄ? ባዶዬን ስመለስ ነው የሚከብደኝ።»

በቅሎዋንም እኔንም አንድ ጊዜ አይታ መንገዷን ቀጠለች።

ከፍታው እየጨመረ ሲሄድ ገብሱ ይመነምንና አስታ ይተካል፣ ከዚያ ጓሳ ሣር፣ ከጓሳው መካከል ደግሞ ጅብራ ብቻውን ይቆማል። አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ጥቂት እርምጃ ተራምዶ መቆም የግድ ነው፤ ወጋችንም በየመካከሉ ይቆረጣል። ጭላዳዎች በመንጋ ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ፤ ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ የትም አይገኙም፣ ሰው ሲመጣም ብዙ አይደነግጡም። ማታ ግን ወደ ገደሉ አፋፍ ሄደው አንድ በአንድ ይወርዳሉ፤ የሚተኙት ነብርና ጅብ በማይደርስበት የገደል ወገብ ላይ ነው። አንዱ ግዙፍ ወንድ ጎፈሩን በነፋስ እያስበተነ ጀርባውን ሰጥቶ ዘሎ ሲጠፋ ልቤ አብሮት ወረደ።

ቀይ ቀበሮ ያየሁት በማለዳ ነው። ውርጩ ሣሩ ላይ ነጥቷል። አይጥ ጉድጓድ አጠገብ ጆሮውን አቁሞ ነበር፤ ዘለለ፣ ሳተ፣ እኛን ከምንም ሳይቆጥር ወደ ሌላ ጉድጓድ ሄደ። በዓለም ላይ የቀሩት አምስት መቶ ገደማ ናቸው። ትልቁ ቁጥር ባሌ ነው ያለው፤ የሰሜን ወሎዎቹ ጥቂት ናቸው፣ በየዓመቱም የገብሱ ማሳ ሽቅብ እየተከተላቸው ነው። አስቸጋሪው ነገር ገበሬውን መውቀስ አለመቻሉ ነው። መሬት ጠቦታል፣ ልጆቹ በዝተዋል፣ ያለው አማራጭ ወደ ላይ ማረስ ነው። በአካባቢው የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ መከለሉ መልካም ሆኖ፣ ለጓሳው መተው የሚከፈለው ነገር ከሌለ ክልሉ ወረቀት ላይ ይቀራል።

የሚከፈለው ነገር ከየት ሊመጣ እንደሚችል አጎራባቹ መቄት አሳይቷል። በፈረንጆቹ 2000ዎቹ መጀመሪያ ተስፋ የተባለው ድርጅት ከገበሬዎች ጋር ሆኖ በገደሉ አፋፍ ላይ የእንግዳ ጎጆዎች አቆመ። እንግዳው ከመንደር መንደር በእግሩ ይሄዳል፤ ጓዙን የገበሬ አህያ ይጭናል፤ ሽሮውንና ድፎ ዳቦውን የመንደሩ ሴቶች ያቀርባሉ፤ ገቢው ለመንደሩ ይውላል። አሠራሩ በኋላ ወደ አቡነ ዮሴፍ አካባቢም ተሻግሯል። ያደርሁበት ጎጆ ግድግዳው ድንጋይ፣ አልጋው መደብ ነው፤ ባና ደራርቤ ተኛሁ፤ ብርዱ በባናውም ገባ።

የወረድሁት በይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በኩል ነው። ላስታ ጀልባ የላትም፤ ካላትም ይቺ ናት። ከንጉሥ ላሊበላ በፊት ነግሦ እንደነበር የሚነገርለት ንጉሥ ስሙን የሰጣት ቤተ ክርስቲያን በሰፊ ዋሻ ውስጥ፣ ከእንጨትና ከነጭ ግድግዳ በተደራረበ የአክሱም አሠራር ቆማለች፤ ካህናቱም ከሥሯ ሐይቅ አለ፣ በውኃ ላይ ነው የተሠራችው ይላሉ። በዙሪያዋ ያለው የጽድ ደን ከላይ ከተራቆተው ተራራ ለመጣ ሰው ሌላ አገር ያስመስላታል። ከጀርባዋ፣ በዋሻው ጨለማ ውስጥ፣ የብዙ ተሳላሚዎች አጽም ተረፍርፏል፤ ከሩቅ አገር መጥተው እዚያው ያረፉ ናቸው ይባላል። ዛሬ መኪና ቅርብ ድረስ ይደርሳል፤ በእግር ከላይ ለመጣ ግን ከነፋሱ ወደዚያ ዋሻ ዝምታ መግባት ሌላ ነገር ነው።

ተከዜ ከነዚሁ ከላስታ ተራሮች ይነሣል። ወደ ምዕራብ ሄዶ፣ ወደ ሰሜን ታጥፎ፣ በሱዳን ከአትባራ ጋር ተገናኝቶ ናይልን ይቀላቀላል። ደጋማው ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ንብርብር ነው፤ የኖርዌዩን ሸለቆ በረዶ እንደፈለፈለው፣ ይህን የፈለፈሉት ወንዞች ናቸው። ልዩነቱ የእኛው ሸለቆ ውኃውን ይዞ አለመቅረቱ ነው፤ ያወረደውን ለሌላው ይሰጣል።

ከዚያ ጉዞ በኋላ ብዙ ነገር ሆነ። መጀመሪያ የኮሮና ወረርሽኝ እንግዳውን አስቀረ። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ ላሊበላ ገባ፤ ከተማዋ በወራት ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ተለዋወጠች፤ መብራትና ስልክ ጠፋ። በ2015 ዓ.ም. ክረምትም ተኩሱ ተመለሰ። ሆቴሎቹ ሠራተኛ በተኑ፣ አስጎብኚዎቹ ሥራ ፈቱ። በቅሎ አከራዮቹ ላይ የደረሰው ግን ብዙ አልተነገረም። በቅሎ ሥራ ኖራትም አልኖራትም ትበላለች፤ ሸጠው ወደ ቀን ሥራ የገቡ አሉ፣ ለእህል ጭነት የመለሷትም አሉ። የላይኛው መንደር በአንጻሩ ከከተማዋ ይልቅ ቶሎ ቆመ፤ ገብሱን ይዘራል፣ ያጭዳል፣ ቅዳሜ ይወርዳል። እንግዳ ቢመጣ ተጨማሪ ገቢ ነው፤ ባይመጣም በአቅሙ ይኖራል። ገናን ለማክበር በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ወደ ከተማዋ ሲጎርፍ ከዚያ ገንዘብ ሽቅብ የሚወጣው በጣም ትንሽ ነው፤ ይህ ከጦርነቱ በፊትም እንዲሁ ነበር።

መንገዱ ሰላም ሲሆን ለመሄድ ያሰበ፣ ከመስከረም ማብቂያ እስከ ጥር ያለውን ጊዜ ይምረጥ፤ ክረምት ጉሙ ገደሉን ይሸፍነዋል፣ ድንጋዩም ያንሸራትታል። በቅሎውን ከዋዜማው ይነጋገር፤ ለባለቤቱ በቀጥታ ይክፈል። ጋቢ ይያዝ። ከወጣ በኋላ ልጓሙን ይልቀቅ፤ ሲመለስ ግን ይውረድና በእግሩ ይምጣ፣ ቁልቁለቱ የበቅሎዋን ትከሻ ይሰብራል።